አማቴን ድራፍት ያጠጣሁበት ቀን

ሰው ግትር ነህ ሲለኝ አልቀየምም። የሚያናድደኝ «ግትር ነህ፤ ተው» ሲለኝ ነው። ግትር መሆኔን ካወቀ ተው ማለቱ ምን ይባላል? እንዲያው ትንፋሽ ማባከን ነው። እናቴ ስታሳድገኝ አንድ ቀን ተው ብላኝ አታውቅም። «በል እሺ፣ ስትጨርስ ጥራኝ» ነበር የምትለው፤ ስጠራትም ብዙ ጊዜ የምትመጣው ቁስል ልታስር ነበር።

ይህን የማወራው ስለ በርሜል ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው። የውሃ በርሜል እንዳይመስላችሁ፤ የቢራ ነው፣ ያውም የድራፍት። በዚያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አቃቂ ውስጥ ድራፍት እቤቱ አስገብቶ ያስተናገደ ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። የጠርሙሱን ቢራ የደመወዝ ሰሞን ሁሉም ይጠጣዋል። ድራፍት ግን ሰው ራሱ ቡና ቤት ሄዶ፣ ባንኮኒ ተደግፎ፣ ቧንቧው ሲከፈት እያየ የሚጠጣው ነገር ነበር እንጂ ሰው ቤት አይመጣም። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳመጣሁት ካልነገርኳችሁ ደግሞ እብድ ነው ብላችሁ ትሄዳላችሁና ከአማቴ ልጀምር።

አማቴ አቶ ደምሴ የባቡር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን አቃቂ ጣቢያ ባቡር ሲቀበሉና ባቡር ሲሸኙ ነው የጨረሱት። ለእሳቸው በዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የባቡር ሠራተኛና ሌላ። እኔ ሌላ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የምጠግን መካኒክ ነበርኩ፤ ጠዋት ጡሩምባው ሲነፋ ሰው ሆኜ እገባለሁ፣ ስወጣ ከፀጉሬ እስከ ቅንድቤ ጥጥ ነው። ልጃቸውን አስካለን ብዬ ሽማግሌ ብልክ «ልጄን ለጥጥ አልሰጥም» ብለው መለሱ። ደግሜ ላክሁ። መለሱ። ደግሜ ልልክ ስል ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «አንተ ልጅ፣ አገር ላይ ሌላ ሴት የለችም ወይ?» አሉኝ። «የለችም» አልኳቸው። ኋላ አስካለ ራሷ ልብሷን ሸክፋ መጣች፤ በእማኝ ፊት ተፈራረምን፤ አባትየው ድግስ ሳይደግሱ ሴት ልጃቸው ባለትዳር ሆነች።

ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጅ እነሣለሁ፤ እሳቸው ከጀርባዬ ያለውን አጥር ሰላም ብለው ያልፋሉ። አስካለ ስለ አባቷ አንድም ቀን አንሥታ አታወራም። ግን ከጣቢያው በኩል ባቡር ሲያፏጭ የያዘችውን ነገር እንደያዘች ቀጥ ትላለች፤ ማንኪያም ይሁን መጥረጊያ። ይህን ባየሁ ቁጥር ያለያየኋቸው እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ወንድ ልጅ ወለድን። ክርስትናው ሲቃረብ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ማርያም ወደ አማቴ ሄደው «ልጅ ወለዱልህ፤ የምን ኩርፊያ ነው?» ብለው ወጥረው ያዟቸው። አማቴም ለመስቀሉ ሲሉ አንድ ነገር ፈቀዱ።

«እመጣለሁ» አሉ። «እገባለሁ፤ እቀመጣለሁ፤ ልጁን አይቼ እነሣለሁ። ግን እዚያ ቤት አልቀምስም።»

«ምነው?»

«ሐኪም ከልክሎኛል። ጠላ ሆዴን ይነፋኛል፣ ጠጅ ደሜን ያፈላብኛል፣ አረቄማ በዓይኔም እንዳላይ ተብያለሁ። ለእኔ የተፈቀደ ድራፍት ብቻ ነው። ምግቡን ቤቴ በልቼ እመጣለሁ።»

አያችሁት ተንኮሉን? ቤታችን የሌለውን አንድ ነገር መርጠው ተፈቀደልኝ ማለታቸው ነው። አቃቂ ደግሞ ሰው ድግስ ሲጠራ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አይልም፤ ማን ቀመሰ ነው የሚለው። አማቴ ገብተው አፋቸውን ሳያረጥቡ ከወጡ እርቁ የለም ማለት ነው። ከመቅረታቸው ይብሳል። በማግስቱ ወፍጮ ቤት የሚወራው «ገብተው አልቀመሱም አሉ» ነው። አባ ይህን ሲነግሩን አስካለ ልጁን ጡት እያጠባች ነበር፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል እሱ ግንባር ላይ አረፈ።

«ድራፍት ይመጣል» አልኩ።

«ከየት?» አለች አስካለ።

«በርሜሉ ነው የሚመጣው። ከነቧንቧው።»

«ተው እባክህ» አለችኝ። እንግዲህ አለቀ፤ ተው ካሉኝ በኋላ ማን ያስቆመኛል?

ሳሪስ ቡና ቤት የነበራቸው ሙሴ ያኒ የሚባሉ ግሪክ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ሄጄ ክርስትና አለኝ፣ አንድ በርሜል ድራፍት ይስጡኝ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ለበርሜሉ ዋስ አለህ?» አሉ። ሰው እስር ቤት ገብቶ ዋስ ሲጠራ አይቻለሁ፤ በርሜል ዋስ ሲጠራ ያን ቀን አየሁ። ታደሰ የሚባል የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አብሮኝ ነበርና እሱ ለበርሜሉ ዋስ ሆነ። ታደሰ ጎረምሳ ሳለ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ጠርሙስ ያጥብ ስለነበር ስለ መጠጥ የማያውቀው የለም። እንደ እሱ አነጋገር ማለቴ ነው።

ሙሴ ያኒ በርሜሉን፣ ቧንቧውንና ጃምቦ ብርጭቆዎችን ሰጡኝና ይመክሩኝ ጀመር። «ቢራውን የሚገፋውን ጋዝ አልሰጥህም፤ እዚህ ይፈለጋል። እንዳይናጥ። ስትደርስ ጥላ ላይ አስቀምጠው። እርጥብ ጆንያ አልብሰው፤ መቀዝቀዝ አለበት። ቀስ ብለህ ክፈተው። ቢራ የሚቸኩል ሰው አይወድም።»

«ሙሴ» አልኳቸው፣ «እኔ እኮ መካኒክ ነኝ።»

ይህን ስል ጢማቸውን ጠምዘዝ አደረጉ። ምን ማለታቸው እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ።

በርሜሉን ጋሪ ላይ ጫንን። ቱፋ የሚባለው የጋሪው ባለቤት አስፋልቱ ላይ እስካለን ድረስ ሰላማዊ ሰው ነበር። ቃሊቲ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ጡሩምባውን ሲለቅቀው ግን ፈረሱ ደነበረ፤ አስፋልቱን ትቶ በድንጋዩ ሜዳ ለሜዳ ወሰደን። በርሜሉ ይዘላል፤ እኔ በርሜሉን አቅፌ እዘላለሁ፤ ታደሰ ጃምቦዎቹን አቅፎ ይዘላል። ቱፋ በኦሮምኛ ፈረሱን ይለምናል። ፈረሱ ሲደክመው ቆመ። በርሜሉን ጆሮዬን ለጥፌ ባዳምጠው ውስጡ ሺሺሺ ይላል።

«ደህና ነው» አለ ታደሰ። «ሺ ሲል ሕይወት አለው ማለት ነው።»

ቤት አደረስነው። ጓዳ ጥግ አቁሜ፣ ሙሴ እንዳሉት ጆንያ በውሃ ነክሬ አልብሼ፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ ወደ ሌሊት ፈረቃዬ ሄድኩ፤ ጠዋትም ከፋብሪካው በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማንም ስል እትዬ ሸዋዬን መጨመሬ ነበር፤ ግን በስሟ አልጠራኋትም። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

እትዬ ሸዋዬ የእናቴ እህት ናት። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቴን የምታሟላልኝ፣ አቃቂ ውስጥ ጠላ ጥመቂልን ተብላ ከሩቅ የምትጠራ ሴት ናት። ለክርስትናው ጠላ አያስፈልግም ስላት አልተቆጣችም። «እሺ ልጄ» ብላ ብቻ ጋኗን ዘቅዝቃ አስቀመጠች። እኔ ቂም አልያዘችም ብዬ ተደሰትኩ፤ እውነትም አልያዘችም። የያዘችው ርኅራኄ ነበር። ያም ባሰ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው ከኋላችን ግር ብሎ ገባ፤ ጎረቤቱ፣ የፋብሪካው ሰው፣ አባ ገብረ ማርያም። ጓዳ ገባሁ። ጥጉ ባዶ ነው።

«እትዬ፣ በርሜሉስ?»

«ማድቤት ነው። አስቸገርከው እኮ አንተ ልጅ።»

ማድቤት ብሄድ በርሜሉ ምድጃው አጠገብ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ጋቢ ደርቦ እንደ አራስ ተቀምጧል። በእጄ ዳሰስኩት። ትኩሳት አለው።

«ምን አደረግሽው?» አልኩ ጋቢውን እየገፈፍኩ።

«እርጥብ ጆንያ አልብሰኸው ሄድክ። መጠጥ ብርድ ከገባው መቼ ይፈላል? አዘንኩለት። ከትናንት ጀምሮ እሳት አላጠፋሁበትም።»

«እትዬ፣ ይህ እኮ ፈልቶ ያለቀ ነው።»

«እንዴት አለቀ? እስቲ ጆሮህን አስጠጋ፤ ይንጫጫል። እኔ እጄ ያረፈበት መጠጥ ሳይንጫጫ ቀርቶ አያውቅም» አለችኝ፤ ኩራቷ ከፊቷ ላይ ያበራል። እጇን ሳምኩና በርሜሉን እያንከባለልኩ ወደ ሳሎን ወሰድኩ።

አማቴ ደርሰዋል። በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠዋል። ልጁን ከሩቅ አይተው «አደገ» ብለዋል። ለአንድ የአርባ ቀን ልጅ። አስካለ አጠገባቸው ቆማ ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«አባባ፣ ምን ይምጣልዎት?» አልኩ፤ አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

እኔን ሳያዩ ወደ አስካለ ዞሩ። «ለሰውዬው የሐኪሙን ነገር አልነገርሽውም?»

«ሰምቻለሁ አባባ። ለዚህ ነው ድራፍት ያመጣሁት።»

በርሜሉን መሐል ቤት አቆምኩት። አማቴ በርሜሉን አዩ፣ ቧንቧውን አዩ፣ ጃምቦውን አዩ። ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ነበር። ሰበብ አለቀባቸው።

«ይቅዳዋ» አሉ ለአስካለ። «ከሆነ እናያለን።»

አስካለ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ከተፈራረምን ወዲህ አላየሁባትም፤ ለዚያ አስተያየት ስል አሥር በርሜል በጫንቃዬ ባመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ቧንቧውን አነሣሁ፣ መዶሻ ያዝኩ፣ አስተካከልኩና አንዴ መታሁት።

ቀጥሎ የሆነውን ለመናገር ያየሁትን መናገር አለብኝ፤ ያየሁት ግን ነጭ ብቻ ነው። አረፋው ጣሪያ ሥር ወደ ተወጠረው አቡጀዲ ወጣ፤ ከዚያ ተመልሶ በሁላችንም ላይ ወረደ። ሴቶች ነጠላቸውን ተከናነቡ። አባ ገብረ ማርያም ጢማቸው እየተንጠባጠበ ቀስ ብለው አማተቡና «ልጁን አጥምቀን መጥተን ነበር፤ እኛንም ደገምከን» አሉ። በጣቴ የቧንቧውን ቀዳዳ ይዤ ጠምዝዤ ዘጋሁት።

ጃምቦ ከሥሩ ደቅኜ ከፈትኩ፤ አረፋ። ሌላ ጃምቦ፤ አረፋ። እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሲሰክን ሥሩ ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ቢራ ይቀራል።

«ግፊት አንሶት ነው» አለ ታደሰ። «ጋዝ የለማ። ፓምፕ ያስፈልገዋል።»

ይህን ያለው ጠርሙስ አጣቢው ነው። የሰማሁት መካኒኩ እኔ ነኝ። የብስክሌቴን ፓምፕ አምጥቼ በአንድ ጎማ ቱቦ ከበርሜሉ ጋር አገናኘሁና እነፋው ጀመር። አሁን ሳስበው ለሚጮህ ሰው «ድምፅህ አይሰማም» እንደ ማለት ነው። አረፋው ባሰበት። ጃምቦው አለቀ፤ ጣሳ መጣ። ጣሳው ሞላ፤ ባልዲ መጣ። ባልዲው ሲሞላ አንዲት ጎረቤት የልጁን ገላ መታጠቢያ ሳፋ ይዛ ደረሰች።

እንግዳው ግን አልተከፋም። የሰከነውን ከባልዲው እየጨለፈ ይጠጣ ጀመር። ሞቅ ያለ ቢራ ነው፤ ቢሆንም አንድም ሰው «ቀረብኝ» አላለም። «ይህስ አረፋው ራሱ ምግብ ነው» ያለም ነበር። ሳቁ፣ ጨዋታው ደመቀ። ጃምቧቸው ባዶ የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው።

አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ከሰከነው ቅዳላቸው፤ በማርያም።»

«አይሆንም።»

«ሰዓታቸውን እያዩ ነው።»

«የባቡር ጣቢያው ቡፌ ላይ እንደሚቀርብላቸው አድርጌ ነው የማቀርብላቸው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ከላዩ አረፋ ሁለት ጣት። ከባልዲ ጨልፌ ለአማቴ አልሰጥም» አልኳት። እልህ ያዘኝ። እስኪሳካ እቀዳለሁ፣ ያልተሳካውን ለእንግዳ እገለብጣለሁ፣ እንደገና እነፋለሁ፣ እንደገና እቀዳለሁ። ላቤ ከአረፋው ጋር ይወርዳል። አማቴ የኪስ ሰዓታቸውን ከፍተው ዘጉ። «ባቡር እንኳ እንዲህ አይዘገይም» አሉ ለአስካለ።

አስካለም ሳፋ ልትይዝልኝ ስትል ልጁን የምትሰጠው ሰው አጣች፤ የሁሉም እጅ ጣሳ ይዟል። ስለዚህ አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ሰውየው ደነገጡ። ልጁን በሁለት እጃቸው እንደ ብርጭቆ ያዙት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። በዓይኔ ጫፍ አየኋቸውና «አሁን ነው፤ አሁን አንድ ደህና ጃምቦ ብቀዳ» ብዬ ቧንቧውን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት።

ፉ አለ። ሌላ ምንም የለም። በርሜሉን ነቀነቅሁት፤ ቀሎኛል። ያን ሁሉ ቢራ ለጣሪያው፣ ለወለሉና ለጎረቤት አጠጥቼ ለአንድ ሰው ሳላዳርስ አለቀ። ባልዲው ደርቋል፤ ሳፋው ተልሷል። እዚያው በርሜሉ አጠገብ ፓምፑን ይዤ ቆምኩ። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ተው ሲሉኝ ብተው ኖሮ፣ ከባልዲው አንድ ጣሳ ብጨልፍላቸው ኖሮ ቀምሰው ነበር።

እትዬ ሸዋዬ ታደሰን ጠርታ በርሜሉን በጓሮ በር አስወጣችው። ሊያጥቡት ይሆናል አልኩ። አማቴ ልጁን እንዳቀፉ «በሉ እንግዲህ» ብለው ሊነሡ ሲሉ እትዬ በጓሮ በር ተመለሰች፤ በእጇ ጣሳ ይዛለች። ፊታቸው ቆማ ከጣሳው ትንሽ መዳፏ ላይ አንቆረቆረችና ቀመሰች። በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

አማቴ ወደ ውስጥ አዩ። የሚታየው ውሃ ነው፤ ትንሽ ቢጫ ውሃ።

«ምንድን ነው ወይዘሮ ሸዋዬ?»

«ቅራሪው ነው ጌታዬ። ዋናውን ይህ ልጅ ለወለሉ አጠጣው። ሥሩ ላይ የቀረውን ውሃ ጨምሬ አጥቤ አወጣሁት። ቤት ያፈራው ይኸው ነው።»

ድራፍት ቅራሪ ይወጣዋል ብሎ የሰማ የለም። ሙሴ ያኒ ቢያዩ ቡና ቤታቸውን ዘግተው አገራቸው ይገቡ ነበር። አማቴ ጣሳውን አዩ። እቅፋቸው ውስጥ የተኛውን ልጅ አዩ። ቀጥሎ የአስካለን ጀርባ አዩ፤ እሱ ላይ ብዙ ቆዩ። ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ጣሳውን ተቀበሉና፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳያቋርጡ እስከ ሥሩ ጨለጡት።

አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «አንተ» አሉ።

ማንን እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔን በቀጥታ አናግረውኝ አያውቁም። ታደሰ ጎኔን ጎሰመኝ።

«አቤት አባባ።»

«ይህን ነገር ሁለተኛ ቤትህ እንዳታስገባ።»

«እሺ አባባ።»

«ስመጣ ጠላ ይጠብቀኝ።»

አስካለ ከግድግዳው ዞረች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግን ትስቃለች። «ሐኪሙስ አባባ?» አለች።

«ሐኪሙን ለእኔ ተዪው» አሉና ልጁን ሳያወርዱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስወጣ እትዬ ሸዋዬ ማንንም ሳታማክር ጌሾ ፀሐይ ላይ አስጥታለች።